ከሎስ አንጀለስ ቬጋስ፦ በረሃው መሐል የት እንቁም?

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከሎስ አንጀለስ ላስ ቬጋስ 270 ማይል ገደማ ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ አራት ሰዓት ይፈጃል። አርብ ማታ ከሆነ እግዜር ይወቀው። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ለቅሶ አለ፣ «ቤት እዚያ ይረክሳል» ብሎ የተዛወረ ዘመድ አለ። ሐበሻ በሁለቱ ከተሞች መሐል የሚመላለስበት ምክንያት አያልቅም። የምንቆመው ግን ሁሌም አንድ ቦታ ነው፤ ባርስቶ፣ ማደያ አጠገብ ካለ አንድ ፈጣን ምግብ ቤት። ሽንት ቤት፣ ቡና፣ ቤንዚን፣ ጉዞ።

እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበርኩ። ከዚያ እናቴ ከአዲስ አበባ መጣችና ቬጋስ ያለችው እህቷ ጋ ልወስዳት ተነሣን። ቪክተርቪልን አልፈን ራቁቱን የተኛው መሬት ሲጀምር ዝም አለች። ቆይታ ቆይታ «ልጄ፣ እዚህ አገር መንገደኛ የሚያርፍበት ቤት የለም እንዴ?» አለችኝ። የምታስበው አዋሽን ነበር። በወጣትነቷ በባቡር ድሬዳዋ ስትሄድ አዋሽ ጣቢያ ወርደው የበሉበትን ቡፌ እስከ ዛሬ ታነሣዋለች። «አለ እንጂ!» አልኳት፤ የት እንዳለ ግን በወጉ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጉዞው አንድ አንዱን ስሞክር ቆየሁ።

አብዛኛው ሰው ሲጠይቀኝ «የትኛው ጋ ነው ምግቡ የሚጥመው?» ብሎ ይጀምራል። በዚህ መንገድ ላይ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው መኪናው ውስጥ ማን አለ የሚለው ነው። ልጆች አሉ? ከአገር ቤት የመጣች እናት? የሚጾም ሰው? ወይስ ብቻችሁን ናችሁ? በአራት ሰዓት ጉዞ በደንብ ተቀምጣችሁ የምታርፉት አንዴ ነው። ያቺን አንዷን በሰዉ ልክ ምረጧት።

ከመነሣታችን በፊት ስለ «ዳይነር»፣ ማለትም ከታች ስለምጠራቸው ዓይነት የአሜሪካ የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች፣ ትንሽ። ነገሩ የተጀመረው ከዚህ በረሃ በጣም ርቆ፣ በምሥራቁ የአሜሪካ ጠረፍ ነው። በ1872 ፕሮቪደንስ ከተማ ዋልተር ስኮት የሚባል ሰው በፈረስ በሚጎተት ጋሪ ላይ ሆኖ ለማታ ሠራተኞች ምግብ መሸጥ ጀመረ። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ።) ጋሪው እያደገ የባቡር ፉርጎ የሚመስል ቤት ሆነ። ረጅም ባንኮኒ፣ ከፊቱ የተደረደሩ ባለ አንድ እግር ተሽከርካሪ ወንበሮች፣ በመስኮቱ በኩል ፊት ለፊት የተያዩ ሶፋዎች። ቤቱ ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ አልቆ፣ ተጎትቶ መጥቶ የሚተከልበት ዘመን ነበር። ምዕራቡ በረሃ ላይ ያሉት ግን አብዛኞቹ የፋብሪካ ልጆች አይደሉም። የአካባቢው ሰው በእጁ በተገኘው ነገር የሠራቸው ናቸው።

በረሃ ላይ ደግሞ አንድ ችግር አለ። ሹፌሩ ይበራል። በዚህ ፍሪዌይ ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 70 ማይል ነው፤ ማን በ70 እንደሚሄድ ግን አላውቅም። ቤታችሁን አይቶ፣ ወስኖ፣ ፍሬን ይዞ እስኪወጣ ያለችው ጊዜ በሰከንድ የምትቆጠር ናት። ስለዚህ ባለቤቶቹ ከሩቅ የሚታይ ጉድ መትከል ነበረባቸው። ዳይኖሰር፣ የፎቅ ቁመት ያለው ቀስት፣ የሕንፃ ያህል አይስክሬም፣ በራሪ የጠፈር ሳህን። ከታች የምጠራቸው ቤቶች እብደት የሚመስለው ነገራቸው ሁሉ እንጀራ ፍለጋ ነው።

በመንገዱ ቅደም ተከተል ከሄድን የመጀመሪያው ቪክተርቪል ነው። ኤማ ጂንስ ሆላንድ በርገር ካፌ ይባላል። የቆመው ከፍሪዌዩ ወጣ ብሎ በአሮጌው ሩት 66 ላይ ነው፤ ፍሪዌይ ሳይመጣ በፊት የነበረው ዝነኛው አውራ ጎዳና ማለቴ ነው። ከ1947 ጀምሮ አለ። ትንሽ አረንጓዴ ቤት ናት። ባንኮኒ፣ ጥቂት ጠረጴዛ፣ ከፊት ለፊታችሁ የሚጠበስ ሥጋ። ሌላ ነገር የለም። ዳይኖሰር የለም፣ የኤልቪስ ሐውልት የለም። ሩት 66ን እየተከተለ የሚመጣ ፈረንጅ ሞተረኛ ከአካባቢው የጭነት መኪና ሹፌር ጎን ቁጭ ብሎ ይበላል።

ከሁሉም ምግቡን የምወድለት እሱን ነው። ብራያን በርገር የሚሉት አላቸው፤ ነጭ ሽንኩርት በተቀባ ወፍራም የተጠበሰ ዳቦ መሐል፣ ከአረንጓዴ ቃሪያ ጋር። ቃሪያው የኛን ያህል አያቃጥልም፣ ግን ቃሪያ ነው። ከስንት ጣፋጭ ካትችፕ በኋላ ምላስ ያመሰግናል።

ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ቁርስና ምሳ ብቻ ነው። ከሥራ ወጥታችሁ ከሰዓት በኋላ ከተነሣችሁ በሩ ተዘግቶ ይጠብቃችኋል። ሁለተኛ፣ ከሎስ አንጀለስ ገና 85 ማይል ያህል ነው የራቃችሁት። ልጆች «ደረስን?» ማለት ሳይጀምሩ የምታቆሙበት ቦታ ነው። ስለዚህ ጠዋት በጊዜ፣ ቁርስ ሳይበላ ለተነሣ ሰው ተስማሚ ነው። ለሌላው ጊዜ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ባርስቶን አልፋችሁ ስምንት ማይል ያህል ስትሄዱ ጎስት ታውን ሮድ የሚል መውጫ ይመጣል። መንደሩ የርሞ ይባላል፤ በስፓኒሽ ጠፍ መሬት ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው አልዋሸም። ፔጊ ሱስ የሚባለው የ1950ዎቹ ዘመን ዳይነር እዚህ ነው። እናቴን ያቆምኩባት ቦታም ይህቺ ናት።

ታሪኩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከምርጫው ጋር ይያያዛል። ቤቱ በ1954 ሲሠራ ዘጠኝ የባንኮኒ ወንበርና ሦስት ሶፋ ብቻ ነበረው። የተሠራውም እዚያው አጠገብ ካለው የዩኒየን ፓሲፊክ ባቡር ግቢ በተገኘ የሐዲድ እንጨት ነው። በረሃ ላይ ሌላ እንጨት ከየት ይመጣል? በኋላ ፍሪዌዩ መጣ፣ ንግዱ ቀዘቀዘ። በ1987 አንድ ባልና ሚስት ገዙት። ሴትየዋ ስሟ ፔጊ ሱ ነው። ባልና ሚስቱ የ50ዎቹን ዘመን ዕቃ ሲሰበስቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የሰበሰቡትን አምጥተው ቤቱን ሞሉት፣ ክፍል በክፍል ላይ ቀጠሉበት። ስለዚህ ዛሬ ስትገቡ የምታዩት መሐሉ እውነተኛ አሮጌ፣ ዙሪያው በፍቅር የተሠራ አሮጌ ነው። «ይሄ እኮ ኦሪጅናል አይደለም» የሚል ጓደኛ አለኝ። ምን ቸገረህ! በ1987 የተሰበሰበ ዕቃም እኮ አሁን አሮጌ ሆኗል።

ወለሉ ጥቁርና ነጭ ዳማ ነው። ግድግዳው ላይ ፎቶ ያልተሰቀለበት ቦታ አታገኙም። ከአንዱ ክፍል ወደ አንዱ ስታልፉ የቆሙ አሻንጉሊት ሰዎች ያስደነግጧችኋል። ጁክቦክስ አለ፤ ሳንቲም ሲገባበት ሸክላ የሚያጫውተው ሳጥን ማለቴ ነው። ምግቡ የዘመኑን ዝነኞች ስም ይዟል። በርገር፣ ፓንኬክ፣ የተፈጨ ሥጋ ጥብስ ከድንች ጋር፣ ትልቅ ብርጭቆ ሚልክሼክ። የዳይነር ምግብ ነው፤ የተለመደውን ጠብቁ፣ ታገኙታላችሁ። ኋላ በኩል ደግሞ ትንሽ መናፈሻ አለ። ዛፍ፣ ኩሬ፣ በብረት የተሠሩ ዳይኖሰሮችና አንድ ትልቅ ጎሪላ። አርባ ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ጥላና ውኃ ማየት ብቻውን ያሳርፋል።

አስተናጋጇ መጣችና እናቴን እንደ ሁሉም ሰው «ሃኒ» አለቻት። እናቴ ወደኔ ዞራ «ምን አለችኝ?» አለች። «ማሬ ነው ያለችሽ» አልኳት። ቀና ብላ አየቻት። «ጨዋ ልጅ ናት» አለች። ከዚያ ቡና መጣ። ስኒው ሲጎድል ልጅቱ እየመጣች ትሞላለች፤ ተጨማሪ አይከፈልበትም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ቆጥረን ስንጨርስ አራተኛውን ይዛ ከተፍ። እናቴ ቡናውን «ቀጠነ» አለች፣ ልጅቱን ግን ወደደቻት። ስንወጣ የአሥር ብር ሳይሆን የአሥር ዶላር ጉርሻ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔ ቀድሜ የተውኩት ነበር። ምንም አላልኩም።

ስለ ጉርሻ ካነሣን አይቀር፣ እንዲህ ያለ ቤት ተቀምጦ የሚበላበት ስለሆነ ከሂሳቡ ከ18 እስከ 20 በመቶ መተው የተለመደ ነው። ከፈጣን ምግብ ቤት ጋር ስታወዳድሩ ይህንንም ጨምሩበት። ጊዜውንም ጨምሩበት። ተቀምጦ፣ ታዞ፣ ተበልቶ፣ ዳይኖሰር ታይቶ፣ ከአንድ ሰዓት በታች አይወጣም። ለቅሶ የምትደርሱ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ልጆች ካሉና ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ ከመውጫው ማዶ ተራራው ሥር ካሊኮ አለ። በ1881 ብር የተገኘበት የማዕድን ከተማ ነበር። የብር ዋጋ ሲወድቅ ሰዉ ጥሎት ሄደ። በ1951 ዋልተር ኖት ገዛው፤ ኖትስ ቤሪ ፋርም የሚባለውን መዝናኛ የፈጠረው ሰው። አድሶም በ1966 ለሳን በርናርዲኖ ካውንቲ ሰጠው። በነፍስ ወከፍ መግቢያ ይከፈላል። በበጋ ቀትር ላይ አይሞከርም፤ ሽቅብ ነው፣ ድንጋዩ ይጋገራል።

እዚያው የርሞ ውስጥ ኤዲ ወርልድ አለ። የአይስክሬም ስኒ ቅርጽ ያለው ትልቅ ሕንፃ ከፍሪዌዩ ላይ ይታያል። ማደያ ነው እንጂ ዳይነር አይደለም። ከረሜላ፣ ለውዝ፣ ፒስታሽዮ በየዓይነቱ፣ ንጹሕ ሽንት ቤት። ለአሥር ደቂቃ ማቆሚያ የሚወዳደረው የለም። ተቀምጦ ለማውራት ግን አይሆንም። ልጆቹን ይዛችሁ ከገባችሁ አሥር ደቂቃው ከኪሳችሁ ጋር ይሰፋል።

ከየርሞ በኋላ መንገዱ ይረዝማል። ዝዚዚክስ የሚመስል፣ በዜድ ተጀምሮ በኤክስ የሚያልቅ የመንገድ ስም ያለበት ሰሌዳ ታያላችሁ። አነባበቡ «ዛይዚክስ» ነው። በ1944 ከርቲስ ስፕሪንገር የሚባል የራዲዮ ሰባኪ እዚያ የፈውስ ምንጭ ነው ብሎ ማረፊያ ከፈተ። ስሙንም የእንግሊዝኛ የመጨረሻው ቃል እንዲሆን ብሎ ፈጠረው። ዶክተር ነኝ ይል ነበር፣ አልነበረም። መሬቱም የመንግሥት ነበርና በ1974 አስወጡት። ለልጆች የምትነግሩት ተረት ካለቀባችሁ ይህንን ያዙ።

ከዚያ ቤከር ትደርሳላችሁ። ከቬጋስ 90 ማይል ያህል ትርቃለች። እዚህ ሦስት ጉዶች በአንድ ጎዳና ላይ አሉ።

የመጀመሪያው ቴርሞሜትሩ ነው። 134 ጫማ ይረዝማል። ቁጥሩ በዘፈቀደ አልተመረጠም። በጁላይ 10፣ 1913 ከዚያ ወደ ሰሜን ባለው ዴዝ ቫሊ 134 ዲግሪ ፋረንሃይት ተመዝግቧል፤ በኛ 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑ ነው። ለዚያ መታሰቢያ በ1991 ተተከለ። እኛ ስናልፍ 111 ይል ነበር። እናቴ መኪናው ውስጥ ሆና ፎቶ አንሣኝ አለች፣ አልወርድም አለች። ትክክል ናት።

ሁለተኛው ኤሊየን ፍሬሽ ጀርኪ ነው። ደጁ ላይ በራሪ ሳህን፣ አረንጓዴ የጠፈር ፍጡሮች። ውስጡ የሚሸጠው ምን ይመስላችኋል? ቋንጣ! በደርዘን ጣዕም፣ በማር፣ በቃሪያ፣ በበርበሬ። ጀርኪ ለሚባለው ነገር አዲስ ከሆናችሁ፣ ከኛ ቋንጣ የሚለየው ለስላሳና ጣፋጭ መሆኑ ነው። አንድ ከረጢት ገዝቼ አክስቴ ጋ ስንደርስ ቀመሰችው። «ስኳር ያደረገበት ማን ነው?» አለች። ቋንጣ ፍርፍር ሊሆን እንደማይችል ተስማማን። ለመንገድ ግን ከዳቦ ቆሎ ጎን ደህና ነው። ምግብ ቤት አይደለም፣ መቀመጫም አትጠብቁ።

ሦስተኛው ማድ ግሪክ ነው፤ እብዱ ግሪካዊ። ሰማያዊና ነጭ፣ የግሪክ ሐውልት የተተከለበት ቤት። በጥብቅ ከተነጋገርን የ50ዎቹ ዳይነር አይደለም። በረሃ መሐል የግሪክ ምግብ መሸጥ ግን ራሱን የቻለ እብደት ነው፤ ስለዚህ ከዝርዝሩ አላወጣውም። ትኩስ እንጆሪ ሼካቸው በዚህ መንገድ ላይ ስም አለው። በፍስክ ቀን ጋይሮ፣ ማለትም ተቆርጦ በፒታ የሚጠቀለለው ሥጋ።

የማድ ግሪክ ትልቁ ጥቅም ግን ለኛ ሰው ሌላ ነው። ጾም! ረቡዕ፣ አርብ፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ የሚጓዝ ሰው በአሜሪካ ዳይነር ውስጥ ሲቸገር አይቻለሁ። ፓንኬኩ ወተትና እንቁላል አለበት። ዳቦው ቅቤ ተቀብቶ ይመጣል። ድንቹ የሚጠበስበት ምጣድ ላይ ቅድም ቤከን ነበረ። የአሳማ ሥጋ ለማይበላ ሁሉ፣ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ ያ ምጣድ ፈተና ነው። ምጣዱ የጋራ መሆኑን ጠይቁ፣ ዳቦውን «ደረቁን አምጡልኝ» በሉ፣ ሰላጣ ያለ አይብ እዘዙ፤ ይቻላል ግን ያሰለቻል። እዚህ ግን ፈላፍል አለ፣ ሁመስ አለ፣ ፒታ አለ። ከሽምብራ ጋር ያደገ ሰው ምን ይፈልጋል? ሐላል ለሚፈልግም ሥጋውን ትቶ ፈላፍሉን መያዝ ነው የሚያዋጣው። በጾም ቀን የምሄድ ከሆነ ሌላ ቦታ አላስብም፤ ጠዋት ትንሽ ቆሎ ይዤ ቤከር ድረስ እታገሣለሁ።

ቤከር ላይ ቤንዚን ውድ ነው። በረሃ ነው፣ ያውቁታል፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ባርስቶ ወይም ከዚያ በፊት ሙሉ። መኪናችሁ የኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ባርስቶም ቤከርም ትልልቅ የቴስላ ቻርጀር አላቸው፤ እስኪሞላ የምትጠብቁበት ጊዜ ለምግብ ይበቃል። የኡበር ሥራ የሚሠሩ ጓደኞቼ ሁሉ ምርጫቸው በሆድ ሳይሆን በባትሪ ሆኗል። ቤከር ይሰኩታል፣ ሄደው ይበላሉ፣ ይመለሳሉ።

አሁን የቀረው በመንገዱ ላይ የሌለው ነው። እኔ ግን የምወደው።

ሮይስ ይባላል፣ አምቦይ በምትባል ጠፍ መንደር ውስጥ፣ በአሮጌው ሩት 66 ላይ። ሮይ ክራውል የሚባል ሰው በ1938 ማደያ ከፈተ። በኋላ አማቹ በስተር በሪስ ተቀላቀለና ካፌና ሞቴል ጨመሩበት። ከጦርነቱ በኋላ መኪና እንደ ጎርፍ የመጣበት ዘመን ነው። በ1959 ያ የምታውቁት ምልክት ተተከለ፦ 50 ጫማ የሚረዝም፣ ቀይና ጥቁር፣ ቀስቱ ወደ መሬት የሚያመለክት። ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም፤ ማስታወቂያ ሁሉ ላይ አለ።

ከዚያ በ1973 አይ-40 ፍሪዌይ በሰሜን በኩል ተከፈተ። መኪናው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። አምቦይ በአንድ ጊዜ ደረቀች። በ2005 አልበርት ኦኩራ የሚባል ሰው መንደሪቱን በሙሉ በ425,000 ዶላር ገዛት። ኹዋን ፖዮ የተባለው የዶሮ ጥብስ ሰንሰለት መሥራች ነው። በሎስ አንጀለስ ዛሬ በዚያ ብር አንዲት ትንሽ ኮንዶ ብታገኙ እድለኞች ናችሁ፤ ሰውየው ማደያ፣ ሞቴል፣ ቤተ ክርስቲያንና ፖስታ ቤት ያለው መንደር ገዛ። በ2008 ማደያውን አስከፈተ። በ2019 ለዓመታት ጠፍቶ የነበረውን ኒዮን መብራት አስበራ። እሱ በ2023 መጀመሪያ ላይ አረፈ። መብራቱ አለ።

የሚያሳዝነው ወጥ ቤቱ የለም። ቤንዚን፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ፣ ጥቃቅን የሚበላ፣ ቲሸርትና ማግኔት ይሸጣል። ምሳ የለም። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ይህን ሳላጣራ ሆዴን ባዶ አድርጌ ደረስኩ። ካፌ ይላል፣ ባንኮኒው በመስታወቱ በኩል ይታያል፣ ወንበሮቹ ተደርድረዋል። የድንች ቺፕስ በልቼ ተመለስኩ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንጀራ በፎይል ጠቅልዬ፣ ቡና በፔርሙዝ ይዤ ነው የምሄደው።

ግን ስለ ድሮው የመንገድ ዳር ቤት እውነቱን ማየት ከፈለጋችሁ ሌላ የትም አታገኙትም። ፔጊ ሱስ ያንን ዘመን ያጫውታችኋል። አምቦይ ደግሞ ዘመኑ ሲሄድ ምን እንደተወ ያሳያችኋል። ምሽት ላይ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ መብራቱ ቦግ ሲል፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ የባቡር ድምፅ ይመጣል። ረጅም የጭነት ባቡር ነው፣ አልፎ አያልቅም። ምልክቱ ሥር አንድ ሰው ፎቶ ያነሣል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይቆማል። ከጎን ደግሞ ጨው የሚወጣበት ደረቅ ሐይቅ አለ። እናቴ በሁለተኛው ዓመት ስወስዳት ነጩን አይታ «አፋርን መሰለኝ» አለች። አፋር ሄዳ አታውቅም፣ በቴሌቪዥን አይታው ነው። እኔም አልተከራከርኳት።

መንገዱን ልንገራችሁ፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከባርስቶ አይ-40ን ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ፣ ኬልቤከር ሮድ ላይ ወጥታችሁ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ሩት 66 ላይ ጥቂት ማይል ወደ ምዕራብ። አሮጌውን መንገድ ከባርስቶ ጀምሮ ልከተል የሚል ፍቅር ቢይዛችሁ ተዉት፤ የእንጨት ድልድዮቹ አርጅተው በየቦታው መንገዱ ሲዘጋ የኖረ ነው። ከአምቦይ በኋላ ያንኑ ኬልቤከር ሮድ ወደ ሰሜን ይዛችሁ በሞሃቪ ጥብቅ በረሃ ውስጥ አልፋችሁ ቤከር ትወጣላችሁ። መሐሉ ላይ በ1924 የተሠራው የኬልሶ ባቡር ጣቢያ አለ፤ ውብ ነው፣ የድሬዳዋን ጣቢያ ያየ ሰው ልቡ ይቆማል። በጥብቁ በረሃ ውስጥ ማደያ የለም። ስልክም ለረጅም ርቀት አይሠራም። ጠቅላላ ዙሩ በጉዟችሁ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ይጨምራል። ለሠርግ የተጠራችሁ እለት አይሆንም። በበጋ ቀትርም አይሆንም። ጎማችሁን ሳታዩ፣ በነፍስ ወከፍ ብዙ ሊትር ውኃ ሳትይዙም አይሆንም። ጎሚስታ የሚባል ነገር እዚያ አታገኙም።

«የጠፈር ፍጡሮቹስ?» የሚለኝ ሰው አለ። ኔቫዳ ውስጥ ሬቸል የምትባል መንደር ሊትል ኤሊኢን የሚባል ቤት አለ፣ ስለ ጠፈር ፍጡር የሚያወራ ሁሉ የሚሄድበት። በ1996 የጠፈር ፍጡራን አውራ ጎዳና ተብሎ በተሰየመው መንገድ ላይ ነው። ከቬጋስ ወደ ሰሜን 150 ማይል ያህል ይርቃል። በዚህ ጉዞ ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው ቀን ስጡት።

ለሁሉም የሚሆን አንዲት ምክር አለችኝ፣ ከብስጭት የተማርኳት። አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው ቤት ገብተን ቁርስ ለመብላት ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅን፣ እንቁላሉም ቀዝቅዞ መጣ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ደጁ ላይ ሁለት የቱሪስት አውቶቡስ ቆሞ ነበር። የበረሃ ዳይነር ወጥ ቤቱ ትንሽ ነው፤ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ ይጨናነቃል። አውቶቡስ ካያችሁ ወይ ባንኮኒው ላይ ተቀመጡ፣ እዚያ ቶሎ ያዩዋችኋል፤ ወይ ሼክ ብቻ ይዛችሁ ውጡ። ሌላው የእሑድ ከሰዓት ነው። ቬጋስ የዋለው ሁሉ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲመለስ ፍሪዌዩ ይቆማል፣ እያንዳንዱ ቤትም ይሞላል። እሑድ ከሆነ ቅዳሴ እንዳለቀ ሳይሆን ከቅዳሴ በፊት በሌሊት ተነሡ፤ ካልሆነም ሰኞን ፈቃድ ውሰዱ።

ዘንድሮ እናቴ ለሦስተኛ ጊዜ መጥታለች። ጉዟችን አርብ ይውላል፣ ስለዚህ በሂሳቤ ማድ ግሪክ ነበር። ትናንት ነገርኳት። ፈላፍሉን ወዳዋለች፣ ባለፈው በልታለች። «እሱ ይሁን» አለች። ትንሽ ቆየችና «ግን ያቺ ማሬ የምትለዋ ልጅ ያለችበት ጋ ቡና ብቻ ጠጥተን ብናልፍስ?» አለችኝ። ቡናው ቀጭን ነው አላልሽም? አልኳት። «ቀጭን ነው። ጥቁሩን ነው የምጠጣው፣ ጾሜን አይነካም።» እንግዲህ ዘንድሮ ሁለት ቦታ እንቆማለን።